ለፍጻሜው ያሳደግነው ሣር

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬም ከብት ሳባርር ዋልኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ እረኛ አይደለሁም፤ ግን የቢቸናን ኳስ ሜዳ ከኔ በቀር ማን ይጠብቀዋል? ከመስከረም ጀምሮ አንዲት ጥጃ አላስገባሁም። እኛም ልምምዱን ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ አዛወርን። ሣሩ እስከ ጉልበቴ ደርሷል። ነፋስ ሲመጣ አብሮ ይተኛል። እንዲህ ያለ ሜዳ ጃንሆይ ከተማም ያለ አይመስለኝም። ሐሳቡ የኔ ነው። ይኸው ጻፍኩት፣ ማንም እንዳይክደኝ።

የጠቅላይ ግዛቱን ዋንጫ ለፍጻሜ የምንጫወተው እኛና ሞጣ ነን። ወትሮ ሁሉም ጨዋታ ደብረ ማርቆስ ነበር። ዘንድሮ ግን ፍጻሜው ከሁለቱ ሜዳው ከተሻለው ከተማ ይሁን ተባለ። ረቡዕ መርማሪዎች ይመጣሉ።

በረኛው እኔ ነኝ። አባዬ ስጫወት አይተውኝ አያውቁም። እግራቸው አብጦ ከአልጋ እስከ ደጅ እንኳ በሰው ድጋፍ ነው፤ ሞጣ አይታሰብም። የያዝኩትን ኳስ ስነግራቸው፣ «አንተ ያወራኸውን ግማሹን ብትይዝ መልካም ነበር» ይላሉ። ቢቸና ከሆነ በቃሬዛ አወጣቸዋለሁ። በዓይናቸው ይዩ። ሌላ የምፈልገው የለም። ዋንጫውንም እፈልጋለሁ እንጂ።

ማክሰኞ፣ ገብርኤል

መምህር ዮሐንስን አገኘኋቸው። በማታ ትምህርት ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ቡድኑንም የሚያሠለጥኑት እሳቸው ናቸው። ክረምቱን አገራቸው ሐረር ከርመው መምጣታቸው ነው። መርማሪዎቹ ምን እንደሚያዩ ጠየቅኳቸው።

ማደሪያ፦ ትምህርት ቤቱ አለ። ውሃ፦ አለ። መንገድ፦ ከማርቆስ ሲመጡ እኛ እንቀርባለን፣ ሞጣ ከኛ ወዲያ ነው። ሐኪም፦ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር አለ። ሜዳ፦ እዚህ ላይ ሳቅኩ።

«ሣሩ አልበዛም?» አሉኝ።

«መምህር፣ ሂሳቡን እርስዎ ይያዙ፤ ሣሩን ለጎጃም ይተዉልን» አልኳቸው። ሳቁልኝ።

ረቡዕ

መጡ። አለቃቸው ኮፍያ ያደረገ ቀጭን ሰው ነው። ሜዳውን ዳር ቆሞ አየና፣ «ኳስ ልታጫውቱበት ነው ወይስ በሬ ልታደልቡበት?» አለ። ኳስ ወረወረ። ኳሱ አንዴ እንኳ ሳይነጥር ሣሩ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ሲፈለግ ቆይቶ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ አልፎከርኩበትም።

«አሁኑኑ እናጭደዋለን ጌታዬ» አልኩ። ማጭድ ያለው ሁሉ ወጣ። ሥሩ ላይ ስንደርስ መሬቱ የሐምሌ ጭቃ ነው። ሣሩ ከልሎት ፀሐይ አላገኘውም። የአለቃው ጫማ ሰጥሞ ቀረ። ጎንበስ ብሎ በእጁ አወጣው። ወደ ሞጣ ነዱ።

ሐሙስ፣ ማርያም

መርፌ አልነካሁም። በዓል ነው እላለሁ።

የሞጣ ሜዳ የከብት መዋያ ነው ብዬ ስንት ቀን ስቄበታለሁ! ከብቱ ግጦት፣ ረግጦት፣ ደርቆ አውድማ መስሏል አሉ። እኔ ከብት ሳባርር እነሱ በከብት ሜዳ ሠሩ።

ሥጋ ሻጩ ገላው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ታደሰ፣ አዝመራህን መቼ ትወቃለህ?» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። እኔ!

ማታ አባዬ ጢማቸውን እንድላጫቸው ጠየቁኝ። «ሰው ፊት ልወጣ አይደል?» አሉ። ላጨኋቸው። የሆነውን አልነገርኳቸውም።

ዓርብ

ሞጣ ሆነ። በስልክ ነው የተነገረው። መምህር ከአውራጃ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ሲወጡ ፊታቸውን አይቼ አወቅሁ። «አይዞህ፣ ጨዋታው ያው ጨዋታ ነው» አሉኝ። ለሳቸው ያው ነው።

ለአባዬ ነገርኳቸው። ሣሩን ያሳደግሁት እኔ እንደሆንኩም ጨመርኩ። የተላጨ አገጫቸውን ሲዳብሱ ቆዩና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ቡድኑን ሞጣ የሚያደርሰው ሎሪ ከቀትር በኋላ ይነሣል፤ ጨዋታው ነገ ነው።

ጠዋት ከሜዳው የታጨደውን አንድ ሸክም አምጥቼ አባዬ አልጋ ሥር ጎዘጎዝኩት። ጠውልጓል። ሌላ ምን ላድርገው? አባዬ እግራቸውን አውርደው ሣሩ ላይ አሳረፉት።

«ስትመለስ የገባብህን ብቻ ንገረኝ» አሉ።

«የያዝኩትንስ?»

«እሱን እኔ እገምታለሁ።»

እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። የሞጣ መሬት ደረቅ ነው፤ ኳስ ስይዝ እንዴት እንደምወድቅበት እንጃ።