ከካላንደሩ ጀርባ

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልኬን ስለማታነሳ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ደወልኩልህ። እማዬ «ስልኩ ተበላሽቶበት ይሆናል» እያለች ታጽናናኛለች፤ ለእሷ በየሁለት ቀኑ እንደምትደውል የማላውቅ መስሏታል። ደብዳቤ ቢያንስ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የበሩ እጀታ አሁንም አንተ ጋ ነው? ያን ቀን ቤቱ ይሸጥ አይሸጥ ስንባባል «ሁልጊዜ አንቺ ትሰብሪያለሽ፣ እኔ እሸከማለሁ!» ብለህ ወጣህና በሩን ጓ አድርገህ ስትዘጋው እጀታው ተነቅሎ እጅህ ላይ ቀረ። ተመልሰህ እንድትሰጠን ኩራትህ አልፈቀደም። በመስኮት አይቼሃለሁ፤ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ እንደ ዱላ ይዘኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሩን የምንከፍተው በሹካ ነው።

እጀታውን ያነሳሁብህ ሐሙስ ዕለት ፎቶ አንሺው ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ እሱ ስለነበር ነው። አዎ፣ ቤቱን ፎቶ አስነሣሁት። አንተን ሳላስፈቅድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ቁጣህን ትንሽ አቆይልኝ፣ የባሰ አለ። እማዬ አሁን ደረጃውን የምትወጣው ሦስት ቦታ ተቀምጣ ነው። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ለምን እንደወጣች ትረሳና ትመለሳለች። ደላላው ደግሞ «ፎቶ የሌለው ቤት እንደሌለ ይቆጠራል» ብሎ ነዘነዘኝ።

ፎቶ አንሺው ትሑት ልጅ ነው። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና «እማማ፣ ሰው የማይኖርበት አስመስሉልኝ» አለ።

«ሰው የማይኖርበትን ቤት ማን ሊገዛው ነው? ጅብ?» አለች እማዬ።

ነጠላ ጫማው ይደበቅ አለ። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ይነሳ፣ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ይላቀቅ፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ይከደን አለ። እማዬ ይህን ስትሰማ ወደ እኔ ዞረች። «ሽንት ቤቱንም ሊያነሳው ነው? እኔ እንግዳ ሲመጣ በሩን የምቆልፈውን!» የወጥ ቤቱን ዕቃ ጠቅልለን አንተ መኝታ ቤት ከተትነው። ወጥ ቤቱን ጨርሶ «አሁን መኝታ ቤቱን» አለ። ወደ መታጠቢያ ቤት አጋዝነው። «አሁን መታጠቢያ ቤቱን» አለ። እንዲህ ከክፍል ክፍል ስንሰደድ ዋልን። በኋላ እንዳየነው ያንተ መኝታ ቤት ፎቶ ላይ በቁም ሣጥኑ መስታወት ውስጥ እማዬ ሬዲዮ አቅፋ ቆማለች።

በመጨረሻ ሳሎኑ ቀረ። «ግድግዳው ላይ ያለው ሁሉ ይውረድ» አለ።

እኔና እማዬ ተያየን። የአባባን ጥገና ታውቀዋለህ፤ የተሰነጠቀ ነገር ሁሉ ላይ ካላንደር ይሰቅልበታል። እንግዳ መጥቶ «እናንተ ቤት ሰባት ዓመት በአንዴ ነው እንዴ የሚሄደው?» ያለን ትዝ ይልሃል? ስንጥቆቹን እናውቃቸዋለን፣ አብረን ነው ያደግነው። ያላወቅነው ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ካላንደር ሳወርደው ግድግዳው ላይ በእርሳስ የአባባ የእጅ ጽሑፍ አለ። ጋራዥ ሲሠራ በየመኪናው መስታወት ላይ የሚለጥፋት ወረቀት አለች አይደል? ብልሽቱን፣ ያበላሸውን ሰውና የሚሠራበትን ቀን የሚጽፍባት? ቤታችንንም ለካ እንደዚያው መዝግቦታል።

«ብልሽት፦ ስንጥቅ። ጥፋተኛ፦ ሚስቴ፣ ወንበር ስትጎትት። አላመነችም። ቅዳሜ ይሠራል።»

እማዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። «አሁንም አላምንም» አለች ለግድግዳው።

ሁለተኛውን አወረድን። «ብልሽት፦ ልስን ወድቋል። ጥፋተኛ፦ እኔ። ድመቷ ናት ብያለሁ። ቅዳሜ ይሠራል።» ይሄኔ እማዬ ተቀመጠች። «ያቺን ምስኪን ድመት እኮ ለጎረቤት ሰጠኋት!» ከሞተ ሁለት ዓመት የሆነውን ሰውዬ እንደ አዲስ ስትወቅሰው ፎቶ አንሺው ካሜራውን ይዞ በትዕግሥት ይጠብቃል። በሁሉም ላይ ቅዳሜ ይሠራል ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አባባ ምን እንደሚሠራ ታውቃለህ፤ ይተኛል።

መጨረሻ የቀረው ፏፏቴ ያለበት ትልቁ ካላንደር ነበር። እሱን ማውረድ አልፈለግሁም። «ይሄ እንኳ ቆንጆ ነው፣ ይቆይ» አልኩት። «ይውረድ» አለ።

ቀዳዳውን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አንተ አሥራ አንድ። ብስክሌት አለመቻሌን ጎረቤት እንዳያይብኝ ብዬ እማዬና አባባ ሲወጡ ያንተን ብስክሌት ሳሎን ውስጥ ልማር ተነሳሁ። ከሶፋው እስከ ምግብ ጠረጴዛው በደንብ ነዳሁ። መሪው ግድግዳውን ሲበሳው በማግስቱ የትምህርት ቤት ጉዞ ነበረኝና ሊያስቀሩኝ ነው ብዬ አለቀስኩ። አንተ ሳልጠይቅህ «እኔ ነኝ እላለሁ» አልክ። ብስክሌትህ የዕረፍቱን ጊዜ ሙሉ ጋራዥ ተቆለፈበት። እኔ ጉዞዬን ሄድኩ፣ ብስኩት ገዛሁልህ፣ እሱንም መንገድ ላይ በላሁት።

የከፋው የኋላው ነው። ውሸቷን ስደጋግማት እኔው ራሴ ላምናት ምንም አልቀረኝም። ሠርግህ ላይ በሙሽራዋ ዘመዶች ፊት «ተጠንቀቂ፣ ይሄ ልጅ ግድግዳ የበሳ ነው» ብዬ ሰው አሳቅሁብህ። አንተም ሳቅህ። አሁን ሳስበው የሳቀው ጥርስህ ብቻ ነበር።

ካላንደሩ ወረደ። እንዲህ ይላል፦

«ብልሽት፦ ቀዳዳ፣ የጭንቅላት ያህል። ጥፋተኛ፦ ትልቋ። ትንሹ እኔ ነኝ አለ። የእሷ ጫማ ክር ሰንሰለቱ ውስጥ ገብቷል። ስትናገር ይሠራል።»

ቅዳሜ አይልም። ስትናገር ነው የሚለው።

አባባ ያውቅ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ከዚያ ካላንደር ሥር ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ኖሮ ሳልነግረው ሞተ። እማዬ በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችኝ። «አንቺ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ፎቶ አንሺ ፊት፣ ጆሮዬን ያዘችኝ። እያለቀስኩ ነበር፣ ጆሮዬን አሞኝ ግን አይደለም። ፎቶ አንሺው የሚያደርገው ቢጠፋው «ትንሽ ወደ ግራ ትሉልኛላችሁ? ብርሃኑን ጋርዳችሁታል» አለ።

ደላላው የሳሎኑን ፎቶ ሲያይ ጮኸብኝ። «ይሄን ጽሑፍ ዛሬውኑ ቀለም ይቀቡት!» አለኝ። ሌላውን ሁሉ አስቀባሁ። የድመቷን እንኳ። ያንን ግድግዳ ግን አላስነካሁትም። ፎቶ አንሺው ሰኞ ተመልሶ ይመጣል።

ወንድሜ፣ ግድግዳውን የበሳሁት እኔ ነኝ። አንተ ተሸከምክልኝ፣ እኔ ደግሞ ሰው አሳቅሁብህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ያን ቀን «እኔ እሸከማለሁ» ስትል ምን ማለትህ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ያልገባኝ መስዬ ነው የጮህኩት።

እንግዲህ ተናግሬአለሁ፣ የአባባ ቀጠሮም ደርሷል። ጀሶ ገዝቻለሁ፣ መለሰን የምትችለው ግን አንተ ነህ። ቅዳሜ ና። ቤቱን እንሸጥ አንሸጥ ግድግዳው ሲደርቅ እንነጋገራለን፤ እምቢ ካልክ ለደላላው የምነግረው እኔ ነኝ፣ በአንተ አላሳብብም። እጀታውን ይዘህ ና። እስክትመጣ በሩን በሹካ ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ።

ጥፋተኛዋ፣
ትልቋ