የአባትህ መሳያ ድንጋይ

ታዘበው፣
ከግንደወይን ስትመለስ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ ከመግለጥህ በፊት ይህን አንብብ።

የአባትህ መሳያ ድንጋይ ለሁለት ተሰንጥቋል። የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ።

መሃሉ ጎድጉዶ፣ የስንት ዓመት ዘይት ጠጥቶ፣ መሮህን አልስል ብሎህ ስትናደድ ከረምክ። ትናንት አንተ እንጨት ልትገዛ ስትወጣ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሸዋና ውሃ አድርጌ ሙሉ ቀን አሸሁት። ፊቱ ተስተካከለ፤ ሲርስ አረንጓዴ ሆነ፣ ለስላሳ። ምናለ እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ። ውስጡ የቀረው ዘይት እንዲወጣ ብዬ ምድጃው ዳር ሳስጠጋው ጧ አለ።

ብጠይቅህ አታስነካኝም ነበር። ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ እኔ የምስለው ሲሚንቶ ላይ ነው።
ይቅር። አሁን የሚነሳ ነገር አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት መድረስ አለበት፤ ቃል የገባኸውም አንተ ነህ። ስለዚህ ከቢቸና በመጀመሪያው መኪና ሞጣ ሄጃለሁ። ከአባትህ ጋር ይጠርቡ የነበሩት አባ ስጦታው በሕይወት ካሉ፣ ድንጋዩ ከየትኛው ገደል እንደወጣ ያውቃሉ። ካላወቁ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ስልኬን ዘግቻለሁ፤ ድምፅህን የምሰማበት አንጀት የለኝም።

ትልቁ ስባሪ አሁንም ይስላል። በውሃ ብቻ፤ ዘይት እንዳታስነካው።

አንድ ነገር ግን ሞጣም አላገኝልህም። በጎኑ በኩል ትንሽ ጎድጓዳ ነበረች፤ እሷንም አብሬ አስተካከልኳት። የአባትህ አውራ ጣት የቦረቦራት መሆኗ የገባኝ፣ ድንጋዩን ሳነሳ ጣቴ ማረፊያ ሲያጣ ነው።

የኔሰው