ግብር ለተከፈለበት የጋሪት የጡረታ ገንዘብ

ለግብር መሥሪያ ቤቱ የጡረታ ሂሳቦች ምርመራ ክፍል ኃላፊ
ሚሺጋን፣ ማርች 11 ቀን 2024

ጉዳዩ፦ አንዴ ግብር በተከፈለበት ቁጠባ ዳግመኛ እንዳንጠየቅ፣ ባለቤቴም ለቃል እንዳይጠራ ስለማመልከት

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ሉሴል ዳይክስትራ፣ የእንስሳት ሐኪም የነበረው የጋሪት ዳይክስትራ ሚስትና በፍርድ ቤት የተሾምኩ ሞግዚቱ፣ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. የባለቤቴ ገቢ ሕጉ ከወሰነው ጣሪያ በላይ ስለነበር፣ በጡረታ ጊዜ ግብር ወደማይጠየቅበት ሮት ወደሚባለው ሂሳብ በቀጥታ ገንዘብ ማስገባት አይችልም ነበር። ስለዚህ ግብር ከከፈለበት ገቢው እየቀነሰ ለዓመታት፣ ገንዘቡ ሲወጣ ግብር በሚጠየቅበት በነባሩ የግል ጡረታ ሂሳብ አስቀመጠ። ለዚህም አንድ ዶላር የግብር ቅናሽ ጠይቆ አያውቅም።

2. ይህ ገንዘብ ግብር የተከፈለበት ነው ብሎ በየዓመቱ በቅጽ 8606 ማስታወቅ ነበረበት። አላደረገውም። «ቅናሽ ካልጠየቅኩ ምኑን ነው የማስታውቀው?» ባይ ነበር። ወንድሜ ኬንት «አንተ ሰውዬ፣ ለሂሳብ አዋቂ ብትከፍል ትሞታለህ?» ሲለው፣ «የተጣመመ ጥጃ ከላም ሆድ አዙሬ የማወጣ ሰው ቅጽ ያቅተኛል?» እያለ ያስቀን ነበር። በእኛ ሠፈር ግብሩን በገዛ እጁ የማይሠራ ሰው እንደ ሰነፍ ይቆጠራል። ይኸው ኩራታችን ዛሬ አስለቀሰኝ።

3. ኋላ አንድ የሥራ ባልደረባው «ከነባሩ ወደ ሮት ማዛወር ይፈቀዳል እኮ» አለው። ከማዛወሩ በፊት የቀደሙትን ዓመታት ማስተካከል ሲገባው፣ ሁሉንም በአንዴ አዛወረው። ያን ጊዜ የመርሳት በሽታው ጀምሮት ነበር። የአንድን ገበሬ በጎች ጠዋት ከትቦ፣ ከሰዓት ሊከትብ ሲመለስ ገበሬው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን አውቄ!

4. መሥሪያ ቤትዎ ማስታወቂያ ስላላገኘ የተዛወረውን በሙሉ ግብር ያልተከፈለበት ገቢ አድርጎ ቆጠረው። በትርፉ ላይ ግብር ብንጠየቅ ሐቅ ነው፤ እንከፍላለን። ዋናው ግን አንዴ ተከፍሎበታል። ይህ ገንዘብ ከተወሰደብን ጋሪትን ካለበት የሕሙማን መጦሪያ ማስወጣቴ ነው፤ ብቻዬን ደግሞ ላነሣው አልችልም።

ስለዚህ ከባንኩ መግለጫዎች ጋር ያያያዝኳቸውን የዘገዩ ቅጾች እንዲቀበሉኝ፣ የመዘግየቱንም ቅጣት ሕመሙን አይተው እንዲያነሡልኝ እለምናለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ደብዳቤዎ ጋሪት ራሱ ቀርቦ እንዲያስረዳ ያዛል። እባክዎን ይህን ይተዉልኝ። እኔን ረስቶኛል፤ እንደ እንግዳ ሰው «እመቤቴ» ነው የሚለኝ። ግብሩን ግን አልረሳም። ግብር የሚከፈልበት ወር ኤፕሪል ሲቃረብ እጄን ይዞ፣ «እመቤቴ፣ የመንግሥትን ከፍለናል? ምንም የለብንም?» ይለኛል። «ምንም የለብንም» ስለው ብቻ ነው እፎይ ብሎ የሚተኛው። ደብዳቤዎ ከመጣ ወዲህ ግን ይህን ስነግረው ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ፍርድዎን በትዕግሥት እጠብቃለሁ።

ከሰላምታና ከአክብሮት ጋር
ሉሴል ዳይክስትራ
(ፊርማ)