አባባ ነጥብ የሚያደርግበት ቦታ

ኅዳር 4
ቀኑን ሙሉ የተማሪ ድርሰት ሳርም ዋልኩ። እንግሊዝኛን እንደ ባቡር ይቀጣጥሉታል… ለየብቻቸው መቆም የሚችሉ ሁለት ሐሳቦችን በኮማ ለጥፎ መንጎድ። ቤት ስገባ አባባም ሙሉ ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፎ ጠበቀኝ። አንድም ነጥብ የለውም።

የሟቹ ወንድሜ ልጅ ናት ያስጀመረችው። “አባቴ ልጅ እያለ ምን ይመስል ነበር?” ብላ አባባን ጠይቃዋለች። ያደገችው ባሕር ማዶ እናቷ ዘንድ ስለሆነ የኛን ቋንቋ አታውቅም። ልተርጉምልህ ብለው አሻፈረኝ አለ። “አንቺ ከተረጎምሽው ያንቺ ወሬ ይሆናል።” ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሾፌር ግትርነቱ ጡረታ አይወጣም መሰለኝ።

ኅዳር 9
ዛሬ አስተማርኩት። ሁለት ሙሉ ሐሳብ ጎን ለጎን ከመጣ ወይ በነጥብ ለያቸው፣ ወይ በአያያዥ ቃል አገናኛቸው፤ ኮማ ብቻውን አይችልም አልኩት። “ፍሬን የሌለው አውቶብስ ነው በይኛ።” አላስቻለኝም፣ ሳቅኩ። አቋራጭም ሰጠሁት… ጮክ ብለህ አንብብ፣ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ነጥብ አድርግ።

ኅዳር 17
ገብቶታል። አውቶብሱ መናኸሪያ ሲገባ ወንድሜ መሪው ላይ ለመቀመጥ እየሮጠ ይመጣ የነበረውን ጽፏል። ጥርት ያለ ጽሑፍ። ከተማሪዎቼ ትበልጣለህ ስለው ቀኑን ሙሉ ሲኮራ ዋለ። ትንሽ ያስላል። ጉንፋን ነው ይላል።

ታኅሣሥ 3
ተናደድኩበት። ጽሑፉን ከታትፎታል። “ልጄ ወደ” ይልና ነጥብ። “ወንዝ” ይልና ነጥብ። ምን ነካህ? አልኩት። “አንቺ ባልሽው ነው ያደረግኩት።” እስቲ ጮክ ብለህ አንብበው አልኩ። አነበበ። በየነጥቡ ትንፋሹ እያለቀ… አንዱም ነጥብ ቦታውን አልሳተም።

ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 6
ሐኪሟ ለእኔ ብቻ ልትነግረኝ ፈልጋ ነበር። አባባ “እዚሁ ተናገሪ ልጄ፣ ምን ይመጣል” አላት። ተናገረች። ሳንባው… ለሕክምና ረፍዷል። ታክሲ ውስጥ ስለ ጽሑፉ ብቻ አወራ። ሳይጨርሰው እንዳይቀር ነው ፍርሃቱ። እኔ የምፈራው እሱን እንዳላጣ ነው፣ ወረቀቱ ምኔ ነው?

ታኅሣሥ 14
እኔ ላንብብልህ፣ ነጥቡን አንተ ታሳየኛለህ አልኩት። እምቢ አለ። “ያንቺ ትንፋሽ እኮ ያንን ልጅ አላሳደገም።”

ታኅሣሥ 25
ዛሬ አንድ መስመር። ለሱ የቀን ሥራ ነው።

ጥር 2
አባባ ዛሬ ጠዋት ሄደ። ጽሑፉን መሃል ላይ ነው የተወው።

ጥር 20
ቤቱ ከለቀስተኛ ጸዳ። ላርመው ተቀመጥኩ። ስብርባሪውን ብገጣጥመው እንከን የሌለው ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ሥራዬ አይደል? የመጀመሪያዎቹን ገጥሜ ጮክ ብዬ አነበብኩ። አማረ። ግን እሱ የለበትም… የት ሄደ? አባባን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ። ሰረዝኩት። የሱን እንዳለ ለወንድሜ ልጅ ላክሁላት።

ጥር 23
የወንድሜ ልጅ ደወለች። አባቷን እንዳገኘችው ነገረችኝ፣ መሪው ላይ ተቀምጦ። ቆይታ ግን መጨረሻው አካባቢ ለምን ይቆራረጣል? አለች። አያትሽ የተነፈሰበት ነው አልኳት። ከዚያ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፣ ነጥብ በመጣ ቁጥር ትንፋሽ እየወሰደች። በዚያች ልጅ ድምፅ… አባባ።

“ልጄ እየሮጠ መጣና” የሚለው የመጨረሻው መስመር ጋ ደረሰች። እዚያ ነጥብ የለም። መተንፈሻ አጣች መሰለኝ፣ እኔም አጣሁ። ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም።