ያለ ነፋስ የሚሄድ ጎማ

ጅቡቲ፣ ፔካ 12 ሰፈር
ኅዳር 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

እህት ዓለሜ ዓለምነሽ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። የድሬዳዋ ጎረቤቶችሽ መርዶውን በወጉ እንዳረዱሽ ሰምቼ ነው ይህን ወረቀት የላክሁት። በስልክ «ልጄ እንዴት ሞተ? እውነቱን ንገረኝ» ስትዪኝ ዘጋሁብሽ። እንግዲህ እንደሆነው ልንገርሽ።

ፍስሐ የሚነዳው የባሺርን መኪና ነበር። ባሺር ወደ የመን የሚሻገሩትን ልጆች እስከ ኦቦክ የሚያደርስ ሰው ነው። የመኪናው ጎማ ጎኑ ወፍራም፣ ነፋሱ ቢወጣም የማይተኛ ዓይነት ነው። ሌላ ጎማ ሲተነፍስ በዓይንሽ ታዪዋለሽ፤ ይሄ ግን ባዶውንም ደህና ይመስላል። ነፋስ ሲጎድለው ከመሪው ፊት ቢጫ መብራት ይበራል። ፍስሐ መብራቱ እንደበራ ነግሮት ነበር። ባሺር ያለ ነፋስም ይሄዳል ተብሎ የተገዛ ጎማ ነው እያለ ብዙ መንገድ አስነዳው።

ኋላ ፍስሐ መኪናውን እኔ ጎማ የምጠግንበት ሱቅ ይዞት መጣ። ጎማውን ከቸርኬው አውጥቼ ውስጡን ብዳብሰው የተፈጨ ላስቲክ እጄን ሞላው። ሚስማር የወጋት ቀዳዳ ኢምንት ናት፤ ጎኑ ግን ከውስጥ አልቋል።

«ቀዳዳውንስ እደፍነዋለሁ፤ የተሰበረውን ጎኑን ማን ይደፍነዋል?» አልኩት።

ባሺር በስልክ አዲስ ጎማ እንደማይገዛ፣ ፍስሐ እምቢ ካለም ሌላ ሾፌር እንደሚልክ ነገረን። እኔ አልለጥፍም ብል ማዶ ያለው ጎሚስታ ለጠፈለት። ነፋሱ ሲሞላ መብራቱ ጠፋ። መብራቱ የሚያውቀው ነፋሱን እንጂ የጎማውን ጉዳት አይደለም።

ቁልፉን ለባሺር መልሶ እኔው ጋ እንዲሠራ ለመንኩት። ከኋላ ተጣብበው የተቀመጡትን ልጆች ዞር ብሎ አየ።

«ጋሼ፣ እኔ ብወርድ የሚመጣው ሰው ይከንፍባቸዋል። ቀስ ብዬ ላድርሳቸው» አለኝ።

ማልደው ወጡ። ታጁራን አልፈው ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ፈነዳና መኪናው ተገለበጠ። ልጆቹ ቆስለው ተረፉ።

በቤተ ክርስቲያናችን ፍትሐት ተደርጎለት ከአባታችን አጠገብ ቀበርነው። ባሺርም ለቅሶ መጥቶ ተቀምጦ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

ልጅሽ አልተሰቃየም ልልሽ ፈልጌ ነበር፣ እህቴ። እውነቱን ንገረኝ ስላልሽኝ ግን አልዋሽሽም፤ ወዲያው አላረፈም። አብራው የነበረች ሎሚ የምትባል የሐረርጌ ልጅ ቤት ድረስ መጥታ አጫውታናለች። ከመኪናው ሥር ሆኖ ሁሉንም በየስማቸው እየጠራ «ወጣችሁ?» ይል ነበር አለች። ውኃ ሲሰጡት ከንፈሩን ብቻ አርሶ ለእነሱ መለሰላቸው። ፀሐዩ ሲበረታ ሻሿን ዘርግታ አጠለለችለት፤ ጥላው በዞረ ቁጥር እሷም አብራ ዞረች። ዓይኑን የከደነችለት እሷ ናት።

እህል ቅመሺ። ለእኔ ስትዪ ቅመሺ። የእሱን ነፍስ በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ ለአንቺም የምትችዪበትን ልብ ይስጥሽ።

ወንድምሽ ኃይለማርያም