ጽጌን የምገድልበት ምዕራፍ

ሰኞ

ጽጌ እስከ ዓርብ መሞት አለባት። ልብ ወለዱ ሌላ መውጫ የለውም። ጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት ለማንም ሳትናገር ስንት ምዕራፍ አስኬድኳት፤ አሁን ድና ብትነሳ አንባቢ ይታዘበኛል።

ዛሬ ግን አንድም መስመር አልጻፍኩም። የጎረቤት ጄኔሬተር ሲያጓራ ዋለ፣ የውሃ ቦቴው ቀረ፣ ሥራም ነበር። የምሠራበት የጋሽ ኑሩ የጅምላ መደብር የወንዙ ወደብ አጠገብ ነው፤ ጀልባ የገባ ቀን ቁጭ ማለት የለም። ማታ አንድ የቆየ ልብ ወለድ ገለጥኩ። ደራሲው በየምዕራፉ መጨረሻ ፀሐይ ያጠልቃል። ሳቅኩበት። ከዚያ የራሴን ሳየው እኔም አጥልቄያለሁ። ሰረዝኩት።

ማክሰኞ

ቤት የምትጋራኝ ሰናይት ኮሎሎ ሰፈር አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ትሠራለች። የምጽፈውን ሁሉ የምታነብልኝ እሷ ብቻ ናት። ስለ አጻጻፌ አንድ ቃል አትልም። የምትለው «ይቺ ሴትዮ ለምንድነው ዝም የምትለው?» ብቻ ነው።

ዛሬ ሰናይት የምትጸልይበት የቤት ኅብረት መሪ፣ እህት አበባ፣ መንገድ ላይ እጄን ያዘችኝ። «ጽጌ እንዴት ሆነችልሽ? እየጾምንላት ነው እኮ!»

የቷ ጽጌ ልል ነበር። ለካ ሰናይት የኔን ጽጌ የጸሎት ርዕስ አድርጋ አስይዛታለች! እነዚያ ሁሉ ሴቶች ለሌለች ሰው ይጾማሉ። ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። «ደህና ናት» ብዬ ቦዳ ሞተር ላይ ወጣሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ሰናይትን ተቆጣኋት። «የፈጠርኳት ሰው ናት እኮ! አሁን ለሰዎቹ ምን ልበላቸው?»

ሽንኩርት መክተፏን አላቋረጠችም። «ምንም አትበያቸው። ቢጸልዩላት ምን ትጎጃለሽ?»

«ዓርብ ልገድላት ነው።»

ቢላውን አስቀመጠች። «ሐኪም ጋ ሳትወስጃት?»

ቀኑን ሙሉ ይህ ነገር አልለቀቀኝም። እውነቷን ነው። ሐኪም ቤቱን የዘለልኩት ስለማላውቀው ነው። የማላውቀውን ዘልዬ ማለፍ ጥበብ ይመስለኝ ነበር። ስንፍና ነው።

ሐሙስ

የሐኪም ቤቱን ምዕራፍ ልጀምር ተቀመጥኩ። «እብጠቱን ስትነካው ምን ይሰማታል ልበል?» አልኳት ሰናይትን፣ እንዲያው ወግ ለመጀመር ያህል።

«አያምም» አለች። «አለማመሙ ነው የሚያስፈራው። ስትነኪው ሸርተት ይላል፣ ሁለተኛ ስትፈልጊው ደግሞ እዚያው ነው…»

አቋረጠች። እኔ ይህን አልጻፍኩም።

ፈራሁ። እብጠቱን ራሷ ላይ መቼ እንዳገኘችው ጠየቅኋት። ጽጌን ከማንበቧ በፊት ነው። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት አለቀሰች። «ለኔ ጸልዩልኝ ብል ሁሉም ደረቴን ነው የሚያዩት። ሥራ ቦታም ይሰማል። ለጽጌ ሲጸልዩ ግን እኔም አሜን እላለሁ።»

ሰው አጠናለሁ እላለሁ፤ አንድ ጣሪያ ሥር ያለችውን አላየሁም። በራሴ አፈርኩ።

ዓርብ

ጽጌ አልሞተችም። አልጻፍኩም።

ሰናይትን ክሊኒክ ልውሰድ ብዬ ጋሽ ኑሩን ፈቃድ ስጠይቀው «ሂጂ ልጄ፣ መደብሩ የትም አይሄድ» አለኝ። ክሊኒኩ ሙቀት፣ ረጅም ወረፋ። ነርሷ የሰናይትን ፍርሃት አይታ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ማፊ ሙሽኪላ» እያለች ትከሻዋን ደባበሰቻት። ምንም ችግር የለም ማለቷ ነው፤ ችግር እንዳለ ግን ሦስታችንም እናውቃለን። በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ናይሮቢ ተልኮ ነው ውጤቱ የሚመጣው።

ሰናይት ውስጥ ሳለች የመጋረጃውን ቀለም፣ የመድኃኒቱን ሽታ ለምዕራፌ ስመዘግብ ራሴን ያዝኩት። ደስ አይልም። ማየቴን ግን አልተውኩም።

እሁድ

ውጤቱ ገና ነው። ሰናይት «ዛሬ አብረሽኝ ነይ» ብላኝ ማንጋቴን ሰፈር፣ እህት አበባ ቤት ሄድን። ክፍሉ በሴቶች ሞልቷል።

እህት አበባ የጸሎት ርዕስ ስትሰበስብ ወደኔ ዞረች። «ጽጌስ እንዴት ናት?»

ሰናይት ቀደመችኝ። «ጽጌን ተዉአት፣ እሷ የልብ ወለድ ሰው ናት። እብጠቱ የኔ ነው። ለኔ ጸልዩልኝ።»

ተንኮል ነው ብለው ይቀየሟታል ብዬ ነበር። እህት አበባ ተነስታ አጠገቧ ተንበረከከች፣ እጇንም ያዘቻት። ሌሎቹ ተከተሉ።

እኔ እንዲህ ባለ ቦታ ዐይኔን ገልጬ ሰው ማየት ነው ልማዴ። ዛሬ ጨፈንኩ።