ኪሴ የገባው ቆርኪ

መጋቢት 2
ሁለት ሬዲዮ ጠገንኩ። ሦስተኛው አይድንም። ለባለቤቱ ነገርኩት፤ ተቀየመ። ይቀየም። ከሰዓት ዳማውን ዘርግቼ አግቤኮን ጠበቅሁ። አልመጣም። አርባ ዓመት እየተሸነፈ አንድ ቀን ያልቀረ ሰው... ምን ነካው?

መጋቢት 3
አግቤኮ ሐኪም ቤት ገብቷል፤ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። ዓይኑ ተገልጧል። ማንንም አያይበትም።

መጋቢት 10
የአግቤኮ ልጅ ዴላሊ "ቶግቤ፣ አባዬ እኮ የለም" አለችኝ። "አለ፣ ይኸው ያንኮራፋል" አልኳት። ቅዳሜ ወንድሞቿ ሲመጡ የምግቡን ቱቦ አስነቅለው ቤት ሊወስዱት ነው። ይሙት ማለት ነው፣ በጨዋ ቋንቋ። ሐኪሙ ግን ከዚያ በፊት አንጎሉ በማሽን ይታይ ብሏል።

መጋቢት 11
ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ ለጥፈውበታል። ሱቄ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ማንም አይጠረጥርም። ባለማሽኗ ጂፋ "ሲያስብ ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ይለወጣል" አለች።
"ሐሳብ በሽቦ አይገኝም" አልኳት። "ስንት ሬዲዮ ፈታሁ፣ አንድም ዘፋኝ አላገኘሁም።"
"ሬዲዮው ሲሰበርስ ዘፈኑን በምን ይሰሙታል?"
ባለጌ ልጅ።
ዴላሊ አለቀሰችለት። መስመሩ ወይ ፍንክች። መዝሙር ዘመረችለት። ምንም። እኔ ሰደብኩት፤ "አንተ የፍየል ጢም! የባንኩ ገንፎህን በላሁብህ!" ምንም። ሲሰለቸኝ እንደ ልማዴ "ለማንኛውም የመኪና ተራውን የዳማ ውድድር በንጹሕ ነው ያሸነፍኩህ" አልኩት።
መስመሩ ዘለለ።
"ምን አሉት?" አለች ጂፋ።
"እውነቱን።"
"ይድገሙት።"
ደገምኩ። ዘለለ። ግማሽ አንጎሉ ፈሶ ያችን ይዟል! ቂመኛ።

መጋቢት 12
ጂፋ ሁለት ጊዜ አይበቃም ትላለች። ሐኪሙ "አጋጣሚ ነው" ይላል። ስለዚህ አሥር ጊዜ "በንጹሕ አሸነፍኩህ"፣ አሥር ጊዜ "ሰርቄ አሸነፍኩህ"፣ እያቀያየርኩ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ። ቅዳሜ። ልጆቹ ባሉበት።
"ሁለተኛው ውሸት ነው" አልኳት።
"ታዲያ ቢሉት ምን ይጎዳዎታል?"
ምን ይጎዳኛል?... እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው። በውድድሩ መሃል አግቤኮ ሊሸና ሲሄድ አንድ ቆርኪውን ከሰሌዳው አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። ሲመለስ ቆጠረ፤ ጮኸ። ማንም አላመነውም። ሱቄ በር ላይ "የዳማ ንጉሥ" ብዬ ያስጻፍኩት በዚያ ነው። ቆርኪው እስከ ዛሬ መሣቢያዬ ውስጥ አለ።
አልሄድም።

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ
ሄድኩ።
መጀመሪያ "ሰርቄ" ስል መስመሩ ከገጹ ሊወጣ ደረሰ። አርባ ዓመት የጠበቃት ቃል ናት፤ አይፈረድበትም። ከሦስተኛው በኋላ ግን "ሰርቄ" ስል ይረጋጋል፤ "በንጹሕ" ስል ይቆጣል። እስከ መጨረሻው እንደዚያው። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ወለወለ። "ይሰማል" አለ። "ይለያልም።"
ታላቅየው ልጅ "እውነት ሰርቀውታል እንዴ?" አለኝ።
"ሰርቄዋለሁ።"
ዴላሊ ሳቀችም አለቀሰችም። "አባዬን ስንት ዓመት በነገሩ አሾፍንበት! አንተ ሽማግሌ ሌባ!" አለችኝ። አንተ አለችኝ!
ቱቦውን አልነቀሉም።

ሚያዝያ 20
ሠዓሊ አስመጥቼ "ንጉሥ" የሚለውን አስጠፋሁ። "የዳማ" ብቻ ቀረ። ሰው ሁሉ "የዳማ ምን?" ይለኛል። ሬዲዮዬን እፈታለሁ።
ቆርኪውን መልሼ ሰሌዳው ላይ አኖርኩለት። አልጋው ዳር እየተቀመጥኩ የእኔንም የሱንም እጫወታለሁ፤ እያንዳንዱን ጮክ ብዬ እነግረዋለሁ። ያለ ሽቦም ዓይኑ ቆርኪውን ይከተላል። ወይስ ለእኔ ይመስለኛል? ዛሬ አሸነፈኝ።
በመሃል ሽንቴ ወጥሮኝ ነበር። አልተነሣሁም።
ሰሌዳውን ከአግቤኮ ጋር ትቼ? አላምነውም።